ፕሮፎርማ ወስዶ ዝም ያለ ደንበኛ እንዴት መለሰልኝ

ለአንድ የግል ትምህርት ቤት የኢንቨርተርና የባትሪ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት) ሰጠሁ። የግዢ ኃላፊዋ «ዋጋው ጥሩ ነው፣ እንደውላለን» አሉኝ። ከዚያ ጭጭ። ስልክ አይነሳም። ቴሌግራም ላይ መልእክቴ መነበቡ ይታያል፣ መልስ ግን የለም።

«ሰላም ነው? ከምን ደረሰ?» እያልኩ ጻፍኩ። አልሠራም። ዋጋ ቀነስኩ። ይሄኛው እንዲያውም የባሰ ይመስለኛል፤ ሳይጠየቅ የሚቀንስ ሻጭ ያጠራጥራል። በአካል ስሄድ ጥበቃው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ መለሰኝ።

የሠራው በቁጥር ብቻ የሚመለስ መልእክት ነው፦

«ላስቸግርዎ አልፈልግም። ቁጥሩን ብቻ ይላኩልኝ። 1፦ ከሌላ ገዝተናል። 2፦ በጀት አልተፈቀደም። 3፦ የጎደለ ወረቀት አለ።»

«3» ብለው መለሱ። ወዲያው ስደውል አነሱ። ለካ ሦስት ፕሮፎርማ አሰባስበው የእኔን መርጠዋል። ወረቀቱ ሒሳብ ክፍል ሲደርስ ግን ዋጋው የሚጸናበት ቀን አልፎ ነበር። የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ዋጋ ለረጅም ጊዜ ማጽናት ከባድ ነው። ሒሳብ ክፍልም ቀኑ ያለፈበትን አይነካም።

አዲስ ቀን ያለው፣ 15 በመቶ ቫቱ ለብቻው የተጻፈበት፣ ቲን ቁጥርና ማኅተም ያለው ፕሮፎርማ ወስጄ ሰጠኋቸው። ቅድመ ክፍያው ገባ።

ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆኖ ሰኔ ላይ «2» ብሎ ከመለሰላችሁ አትነዝንዙት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። አዲሱ በጀት ሲለቀቅ በአዲስ ፕሮፎርማ ሂዱ።