ሴስና 172 በአየር ላይ ዲናሞዋ ሲቆም ምን ይደረጋል?

ቨርጂኒያ ውስጥ የአብራሪነት ፈቃድ ባወጣሁ በአራተኛው ወር፣ ብቻዬን በ3,500 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለሁ የቮልቴጅ ማነስን የምታሳየው ቀይ መብራት በራችብኝ። ዲናሞው ቆሟል። እኔ አባባስኩት እንጂ ነገሩ ያን ያህል የሚከብድ አልነበረም። ትንሽ አውሮፕላን የሚማር ሁሉ ቅደም ተከተሉን መሬት ላይ ሳለ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። የምጽፈው ስለማውቃት ሴስና 172 ነው፤ የእርስዎ ሌላ ዓይነት ከሆነች የራሷን መመሪያ ያስቀድሙ።

መጀመሪያ ይህን ይያዙ፦ ሞተሩ አይጠፋም። እሳት የሚሰጡት ሁለቱ ማግኔቶዎች ከባትሪውም ከዲናሞውም ጋር ጉዳይ የላቸውም፤ ቤንዚኑም ያለ ኤሌክትሪክ ይደርሳል። ፍጥነትና ከፍታ መለኪያዎቹ የሚሠሩት በአየር ግፊት ነው። የሚያጡት ሬዲዮ፣ ትራንስፖንደር (አውሮፕላኗን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ)፣ መብራት፣ ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) እና የነዳጅ መለኪያዎቹን ነው። ስክሪን ባላቸው አዳዲሶቹ ደግሞ ዋናው ስክሪን በመጠባበቂያ ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል።

1. አውሮፕላኗን ያብርሩ። ክንፏ ይስተካከል፣ ከፍታዋ ይጠበቅ፣ ከዚያ ወደ መብራቷ ይመለሱ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1972 የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 401 ሠራተኞች በተቃጠለች አንዲት የማረፊያ ጎማ አምፖል ተጠምደው ከፍታ መቀነሳቸውን አላዩም፤ አውሮፕላኑ ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ወድቆ 101 ሰው ሞተ።

2. አምፔር መለኪያውን ይዩ። ቀስቷ ወደ መቀነሻው ካዘነበለች ባትሪው እያለቀ ነው። የሬዲዮዎቹን ዋና ማብሪያ አጥፍተው የዲናሞውን ብሬከር፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ ብቅ ብሎ መስመሩን የሚቆርጠውን ቁልፍ፣ ይፈትሹ፤ ካልወጣ የማስተሩን (የዋናው ኤሌክትሪክ ማብሪያ) የግራ ግማሽ፣ ማለትም የዲናሞውን፣ አጥፍተው መልሰው ያብሩ። ቀይዋ መብራት ከጠፋች ሬዲዮዎቹን መልሰው ያብሩ።

3. ብሬከሩ ወጥቶ ካገኙት ትንሽ እንዲቀዘቅዝ ይጠብቁና አንድ ጊዜ ብቻ መልሰው ይግፉት።

እኔ ሦስት ጊዜ ገፋሁት። በሁለተኛው ሲወጣ ተናደድኩ፤ በሦስተኛው በጣቴ ደግፌ ያዝኩት። ያኔ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መጣ። ቀና ስል ከፍታዬ 400 ጫማ ወርዷል፤ አፍንጫዋም በዋሽንግተን ዙሪያ ወዳለው ልዩ የበረራ ክልል ዞራለች። ያ ክልል ከመሃሉ በየአቅጣጫው 30 ኖቲካል ማይል ያህል ይሰፋል፤ ውስጡ ሳሉ ትራንስፖንደር ከጠፋ በአጭሩ መንገድ መውጣት ግዴታ ነው። በኋላ መካኒኩ ሲከፍተው ከዲናሞው የሚወጣው ገመድ ሽፋኑ ተልጦ ከብረት ጋር ይነካካ ነበር። ብሬከሩ የወጣው እሳት እንዳይነሳ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ተበላሸ ነገር እየቆጠርኩ ታገልኩት። አንዴ ተመልሶ ከወጣ ይተውት። የማያስፈልግ ዕቃ ብሬከር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይንኩት። ጭስ ወይም ሽታ ካለ ማስተሩን በሙሉ ያጥፉ፤ ሞተሩ ይቀጥላል።

4. ሽታ ከሌለ ዲናሞውን አጥፍተው ጭነት ይቀንሱ። የፒቶ (የፍጥነት መለኪያው የአየር ቱቦ) ማሞቂያውና የማረፊያው መብራት ብዙ ስለሚበሉ ቀድመው ይጥፉ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ሬዲዮ። አንድ ሬዲዮና ትራንስፖንደሩ ይበቃሉ። ጥሩ ባትሪ እንዲህ ሲቀነስለት ግማሽ ሰዓት ያህል ሊይዝ ይችላል፤ ያረጀ ግን ቶሎ ይከዳል፤ ስለዚህ ሰዓትዎን ይያዙ።

5. ሬዲዮው ሳይሞት ይናገሩ። ምን እንደጎደለዎትና የት እንደሚያርፉ ለመቆጣጠሪያ ማማው ያሳውቁ፤ «ምናልባት ይስተካከል ይሆናል» ብለው አይዘግዩ። ሬዲዮው ጠፍቶ ትራንስፖንደሩ ከሠራ «ሬዲዮ የለኝም» የሚለውን ኮድ፣ 7600ን፣ ያስገቡበት። ማማ ያለው ሜዳ ላይ የብርሃን ምልክት ይጠብቁ፦ አየር ላይ ሳሉ የማይብለጨለጭ አረንጓዴ «እረፍ»፣ የማይብለጨለጭ ቀይ «ለሌሎች ቅድሚያ ሰጥተህ መዞርህን ቀጥል»፣ የሚብለጨለጭ ቀይ «ሜዳው አያስተማምንምና አትረፍ» ማለት ነው። ቀን ከሆነ ማየትዎን ክንፍ በማወዛወዝ ይመልሱ። እኔ ምርጫ ካለኝ ማማ የሌለውን፣ ረጅም መንደርደሪያ ያለውን ሜዳ እመርጣለሁ።

ሌሊት ላይ ግን ምርጫው ይገለበጣል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ማማ የሌላቸው ሜዳዎች የመንደርደሪያ መብራታቸውን የሚያበራው አብራሪው ራሱ ነው፤ የሬዲዮውን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን። ሬዲዮ ከሌለ ከታች ያለው ጨለማ ብቻ ነው። ስለዚህ የእጅ ሬዲዮ ሳልይዝ ሌሊት አልበርም። ሲገዙ የጆሮ ማዳመጫ ማገናኛውንም አብረው ይግዙ፤ ያለ እሱ በሞተሩ ጩኸት መሃል ምንም አይሰማም። ከዚያ ሬዲዮ ጋር የራስ ባትሪ መብራትና ትርፍ ድንጋዮች ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አሉ።

6. ያለ ፍላፕ ይረፉ። ሙሉ ፍላፕ አውርደው ባትሪው ቢሞት መልሰው ማንሳት አይችሉም፤ ማረፉ ሳይሳካ ቀርቶ እንደገና መነሳት ካስፈለገ ደግሞ ሴስናዋ እንዲያ ሆና መውጣት ያቅታታል። ያለ ፍላፕ የመቅረቢያ ፍጥነቱ ከ65 እስከ 75 ኖት ነው። አፍንጫዋ ከለመዱት ከፍ ትላለች፤ ከመሬት በላይም ረዘም አድርጋ ትንሳፈፋለች። ተጭነው አያስቀምጧት፤ መንደርደሪያው ረጅም ነውና ይጠብቋት።

ካረፉ በኋላ ማስተሩን ያጥፉ፣ ብልሽቱን መዝገቡ ላይ ይጻፉ፣ ቀጣዩ አብራሪ እንዳያስነሳት ቁልፉ ላይ ማስጠንቀቂያ ወረቀት ያንጠልጥሉ። ባትሪውን ሞልቶ ወደ ቤት ለመብረር የሚመክር ሰው አይጠፋም፤ መካኒኩ ሳያያት አይነሱ።