ምላጩን አትጫኑት

ምላጭ መያዝ የተማርኩት ፂም ሳላበቅል ነው። ደሴ፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የእርሳስ መቅረጫ ያላቸው ልጆች ጥቂት ነበሩ። የቀረነው ከሱቅ አንድ ምላጭ ገዝተን፣ ከነወረቀቱ ለሁለት ሰብረን እንካፈል ነበር። ምላጩን ቀጥ አድርገን ከያዝነው እንጨቱን ይቦረቡራል። በጣም ካጋደምነው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። መሐል ላይ ግን አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ እንጨቱ በስሱ እየተላጠ ይወርዳል። ዛሬ 46 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ ማታ መስታወት ፊት ስቆም እጄ የሚፈልገው ያንኑ ቦታ ነው።

ለብዙ ዓመታት መላጨት ቅጣት ነበር። የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ የደንብ ልብሳችን ኮሌታ አለው። ከንጋቱ በፊት፣ በችኮላ፣ አምስት ስለት በተደረደረበት መላጫ ጠርጌው እወጣ ነበር። እስከ ማታ አንገቴ ይቆጣል። በተቆጣው ላይ ኮሌታው ሲፈትገው ይውላል። ጠንካራ ትናንሽ እብጠቶች፣ አንዳንዶቹ መግል የቋጠሩ፣ አንገቴ ላይ ተደርድረው ከርመዋል። ብጉር መስሎኝ ያልቀባሁት ነገር አልነበረም።

ነገሩን የገለጠችልኝ አንዲት የቆዳ ሐኪም ናት። የእኛ ፀጉር ጥቅልል ነው። ስለቱ ብዙ ሲሆን የፊተኛው ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል፣ ተከታዩ ይቆርጠዋል። ጫፉ ከቆዳ በታች ይገባል። ሲያድግ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ታጥፎ ቆዳውን ይወጋዋል። ሰውነት እንደ እሾህ ስለሚቆጥረው ያብጣል። ሦስት ምርጫ ሰጠችኝ፦ ፂሙን ማሳደግ፣ በማሽን አሳጥሮ መተው፣ ወይም በአንድ ስለት ሳይጫኑ መላጨት። ሦስተኛውን መረጥኩ። እብጠታችሁ ጠባሳ ሆኖ የሚያድግባችሁ ከሆነ ግን መላጫ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ።

አንድ ስለት ስትለኝ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእርሳሱ ምላጭ ነው። ያን ምላጭ ያሰበው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ነው። ከስስ ብረት ስለት አውጥቶ ሥራ ላይ ያዋለው ግን ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው። ሽያጭ በጀመሩበት በ1903 እ.ኤ.አ. የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በዓመቱ መላጫው ከ90,000 በላይ ሆነ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ ሱቅ የምናገኘው ምላጭ ከ60 እና 70 ዓመት በፊት በተሠራ መላጫ ላይ ልክክ ብሎ ይገጥማል።

አሁን ወደ ዕቃው። መላጫው ከባድ ይሁን፤ ክብደቱ ሥራውን ስለሚሠራላችሁ እጃችሁ መግፋቱን ይተዋል። እኔ የጀመርኩት በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ በሚሠራው ሜርኩር 34ሲ ነው። እጀታው አጭርና ወፍራም ነው፣ ለጀማሪ አያስቸግርም። አዲስ አበባ ያላችሁ ከመርካቶ የምታገኙት ተራ የብረት መላጫም ይሆናል። ግን አንድ ነገር ፈትሹ። ምላጩን አስገብታችሁ አጥብቁት፣ ከዚያ ፊት ለፊት እዩት። በሁለቱም በኩል የወጣው ስለት እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጎን ከበዛ ፈታችሁ እንደገና እሰሩት። እንደገናም ካዘመመ ያን መላጫ አትግዙት። ምላጩን ሁልጊዜ በአጫጭሮቹ ጫፎች በኩል ያዙት፤ ስለት የሌለበት እሱ ነው።

ምላጭ ላይ ሰው የነገራችሁን አትመኑ፣ ፊታችሁን ጠይቁ። የጃፓኑ ፌዘር በጣም ስል ነው፣ እጃችሁ ሳይለምድ አትንኩት። የቱርኩ ደርቢ ለእኔ ለዘብ ይላል። አረንጓዴው አስትራ ለእኔ ፊት ልክ ሆነ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ፓኬት ወስዳችሁ ሞክሩ። አንዱን ምላጭ አራት ጊዜ ከተላጨሁበት በኋላ እለውጠዋለሁ። መጎተት ከጀመረ በሁለተኛውም ይሁን በሦስተኛው ጊዜ ይጣል፣ ለሳንቲም ብላችሁ ቆዳችሁን አትጉዱ። 100 ምላጭ የገዛሁት በ11 ዶላር ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተላጨሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ብሩሽ ስትገዙ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ፀጉር ናቸው። ውዶቹ ባጀር ከሚባል የዱር እንስሳ ፀጉር ይሠራሉ። አሳማ ፊቱን እንዲነካው የማይፈልግ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ሰው ሠራሹ ብሩሽ ዛሬ በጣም ጥሩ ሆኗል፤ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙ ሳሙና አይጠጣም። እሱን ያዙ።

ሳሙናው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መላጨትን ያስወደደኝ እሱ ነውና። ከፍሎረንስ፣ ጣሊያን የሚመጣ ፕሮራሶ የሚባል አለ። አረንጓዴው ውስጥ ባሕር ዛፍና ሜንቶል አለበት። ክዳኑን መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን መታጠቢያ ቤቱ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ልጅ ሆነን ጉንፋን ሲይዘን እናቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ፣ ጋቢ አከናንባ ታጥነን ነበር። ያው ሽታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ማታ የምጠብቀው ነገር ሆነ። ቆዳችሁ ሜንቶል የማይወድ ከሆነ ነጩን ውሰዱ፣ አረንጓዴ ሻይና አጃ ያለበት ነው፣ አያቃጥልም።

ከመላጨታችሁ በፊት አንድ የቤት ሥራ አለ። ሦስት ቀን አትላጩ። ከዚያ በጣት ጫፍ ፊታችሁን ዳብሱ። ለስላሳ ሆኖ የሚያሳልፋችሁ አቅጣጫ ፀጉሩ የሚተኛበት ነው። የሚከረክረው ተቃራኒው ነው። ጉንጭ፣ አገጭ፣ የአንገት ግራና ቀኝ፣ ሁሉንም ለየብቻ ፈትሹ። እኔ ወረቀት ላይ ፊት ስዬ ቀስት አደረግኩበት። ጉንጬ ላይ ወደ ታች ነው። የአንገቴ ግራ ጎን ግን ወደ ላይ፣ ወደ ጆሮዬ ይተኛል። ያን ያህል ዓመት ከላይ ወደ ታች ስላጨው በተቃራኒው ስሄድ ኖሬያለሁ ማለት ነው። እብጠቱ የሚበዛውም በዚያው ጎን ነበር።

ጊዜው ማታ ቢሆን ይሻላል። ቆዳው ሌሊቱን ያርፋል፣ እናንተም አትቸኩሉም። ሻወር ከወሰዳችሁ በኋላ ተላጩ፣ ወይም በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ፊታችሁ ላይ ይቆይ። ውሃ የጠጣ ፀጉር ይለሰልሳል፣ ስለቱን አይታገልም።

አሁን አረፋው። ብሩሹን አርጥቡና አንዴ ሁለቴ አራግፉት። ሳሙናው ላይ 30 ሰከንድ ያህል አዙሩት። ከዚያ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ መምታት ጀምሩ። መጀመሪያ ወፍራም ሊጥ ይመስላል። በጣታችሁ ጫፍ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩ፣ ምቱ። እንደገና ጨምሩ፣ ምቱ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አረፋው ገና ጥጥ ሲመስል ደረሰ ብሎ ያቆማል። ጥጥ የሚመስል አረፋ ደረቅ ነው፤ ፊት ላይ ይቆማል እንጂ ምላጩን አያንሸራትትም። ትላልቅ ኩፍኩፍ ካወጣ ደግሞ ውሃው በዝቷል፣ ጥቂት ሳሙና መልሱበት። የምትፈልጉት የረጋ እርጎ የሚመስል፣ ላዩ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። በሁለት ጣት መሐል አሹት፤ ሙልጭ ሙልጭ ካለ ደርሷል። እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ሳልላጭ እንኳ ማታ ማታ አረፋ ብቻ እየመታሁ እለማመድ ነበር።

ፊታችሁን በብሩሹ እያዞራችሁ ቀቡት፣ ፀጉሩ ሥር ይግባ። መላጫውን በእጀታው መጨረሻ፣ በጣት ጫፍ ያዙት፤ እንደ መዶሻ አትጨብጡት። የመላጫውን አናት ጉንጫችሁ ላይ አስተኙ፣ እጀታው ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይቁም። ከዚያ እጀታውን ቀስ እያላችሁ ወደ ታች አውርዱ። ስለቱ ቆዳውን የሚነካበት ቦታ ይመጣል፤ ምላጩ ከቆዳው ጋር ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ያለው እዚያ ነው። የእርሳሱ ቦታ ማለት ይህ ነው። በአጭር በአጭሩ፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እያላችሁ ሂዱ። ድምፁን አዳምጡ። ቀጭን፣ የሚንከረከር ድምፅ ካለው ማዕዘኑ ትክክል ነው። ድምፁ ከጠፋ በጣም አጋድማችኋል ወይም አቁማችኋል።

እና አትጫኑ። በመጀመሪያው ሳምንት አገጬን የቆረጥኩት ስለተጫንኩ ነው። በማግስቱ ሰርግ ነበረብኝ። ከድሮው መላጫ ያመጣሁት ልማድ ነው፤ ፀጉር ሲቀርብኝ እጄ ራሱ ጫን ይላል። በምላጭ ሲቀር ዝም ይባላል። አረፋ ቀብታችሁ በሚቀጥለው ዙር ትመለሱበታላችሁ። አረፋ በሌለበት ቦታ ምላጭ አይሄድም፣ ወደ ጎንም አይንሸራተትም። ሌላም አለ። ብዙ ሰው ቆዳችሁን ወጥሩ ይላችኋል። ፀጉሩ ጥቅልል የሆነ ሰው ግን አይወጥር፤ የተወጠረ ቆዳ ሲለቀቅ የተቆረጠውን ፀጉር ወደ ውስጥ ይውጠዋል፣ ከዚያ ያው የእብጠት ታሪክ ነው።

ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንዳለው ይህም ሦስት ዙር አለው። አቦሉ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ነው። ቶናው በአግድም። በረካው በተቃራኒው ነው፣ ፊትን እንደ ሕፃን ቆዳ የሚያደርገውም እሱ ነው። እኔ ጉንጬ ላይ ቶና እደርሳለሁ፣ አንገቴ ላይ በአቦል አበቃለሁ። አንገቴን ስዳብሰው ትንሽ ይከረክራል። ይከርክር። ኮሌታዬ አንገቴን ሳያቆስለው ስውል ሁለት ዓመት አልፎኛል።

ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። ከዚያ አሉም የሚባለውን፣ ነጭ ድንጋይ የሚመስል ጨው አርጥባችሁ ፊታችሁ ላይ አሳልፉ። ትንንሽ ጭረት ያደማል እንደሆን ያቆመዋል። ከዚህም በላይ መምህር ነው፤ የተጫናችሁበትን ቦታ ያቃጥላል። እኔ እጄን ያረምኩት በእሱ ነው። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ታጠቡትና ሽታ የሌለው ቅባት ተቀቡ። ፀጉር ቤት የለመድነውን አልኮል ግን ተዉት፣ ቆዳ ያደርቃል።

ከለመዳችሁ በኋላ አሮጌ መላጫ መፈለግ ይመጣል፣ ይህኛው ክፍል ሱስ ነው። አንድ እሑድ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሱፐር ስፒድ የሚባል የጂሌት መላጫ በ8 ዶላር ገዛሁ። እጀታውን ስታዞሩት አናቱ እንደ ሁለት በር ይከፈታል። የሳሙና ዝቃጭ ሸፍኖት ነበር። በለብ ያለ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት፣ ከዚያ አልኮል ውስጥ ነከርኩት። ከአናቱ ሥር "ሲ 3" የሚል ወጣ። ፊደሉ ዓመቱን፣ ቁጥሩ ሩብ ዓመቱን ነው የሚናገረው። ኤ 1955 ነው፣ ሲ ደግሞ 1957። ሦስተኛው ሩብ ከሐምሌ መባቻ አካባቢ እስከ መስከረም ነው። በእኛ አቆጣጠር ወይ 1949 ሊያልቅ ሲል፣ ወይ 1950 ሲብት የተሠራ መላጫ ማለት ነው። ከእንቁጣጣሽ በፊት ይሁን በኋላ ባላውቅም፣ በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት የምላጨው በእሱ ነው።

ከተላጫችሁ በኋላ ብሩሹን በደንብ አለቅልቁ፣ አራግፉና ፀጉሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ስቀሉት። መላጫውን ክፈቱና ይድረቅ። ስለቱን በፎጣ አትጥረጉ። ምላጭ ደግሞ ለወንድምም ለልጅም አይዋስም፤ በኤድስ ዘመን ስለት ያላቸውን ነገሮች አትጋሩ ሲባል ያደግን ሰዎች ይህን አንረሳም። ፀጉር ቤት ስትገቡም አዲሱ ምላጭ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ።

ያገለገለውን ምላጭ እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፤ ከረጢቱን በባዶ እጁ የሚያነሳ ሰው አለ። እኔ አንድ ያልተከፈተ ትንሽ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወስጄ ጎኑን በቢላ ጫፍ ሰነጠቅኩት፣ ድልሁን አወጣሁ፣ አጥቤ አደረቅኩት። ምላጩ በስንጥቁ ይገባል፣ ተመልሶ አይወጣም። የአራት ዓመቱ ምላጭ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፣ ገና አልሞላም። ሲሞላ ስንጥቁን በፕላስተር አሽጌ፣ ላዩ ላይ በትልቁ "ምላጭ" ብዬ ጽፌበት አወጣዋለሁ።