ያረጀ ሪቮልቨር ሲከሽፍ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

እዚህ የምንናገረው ስለ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 ነው፤ ከ1899 ጀምሮ የተሠራው፣ .38 ስፔሻል ጥይት የሚጎርሰው፣ መምቻ መርፌው መዶሻው ላይ የተሰካበት አሮጌው ዓይነት።

ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ካልፈነዳ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቆዩ። ምላጩን ደግመው አይሳቡ። ጥይቶቹን የያዘው ከበሮ ይዞርና፣ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት ከሆነ ከበርሜሉ ጋር ባልገጠመበት ቦታ ይፈነዳል። ከተለመደው የደከመ ድምፅ ከሰሙ ደግሞ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥይቱን አውጥተው በርሜሉን ሳያዩ አይተኩሱ።

ከዚያ የከሸፈውን ጥይት ቂጥ ይመልከቱ። መለኮሻው (መርፌው ሲመታው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክብ ቆብ) ላይ ያለው ጉድጓድ ብዙውን ይናገራል።

ጉድጓዱ ጥልቀት የለውም፤ መዶሻው በእጅ ሳይቀሰር ምላጩን ብቻ ስቦ ሲተኮስ ይብሳል። በዚህ አተኳኮስ መዶሻው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሳይሄድ ስለሚለቀቅ ኃይሉ ያንሳል፤ የላላ ሞላም መጀመሪያ የሚጋለጠው እዚህ ነው። በእጀታው ፊት፣ ወደ ታች፣ ሞላውን የሚገፋ ብሎን አለ። ምላጩ እንዲቀልላቸው ብለው የሚያላሉት ብዙዎች ናቸው። ሽጉጡን ባዶ አድርገው፣ በልኩ በሚገባ ካቻቢቴ እስኪቆም ድረስ ያጥብቁት። ጠብቆም ካልተስተካከለ ብሎኑ ተሞርዶ አጥሯል ወይም ሞላው ደክሟል፤ ሁለቱንም በፋብሪካው ዓይነት ይቀይሩ። ሌላ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ብሎን ይፈትሹ።

ብሎኑ ደህና ሆኖ በብርድ ጊዜ የሚብስ ከሆነ፣ የረጋ ዘይት መዶሻውን እያዘገየው ነው። የጎኑን ክዳን በካቻቢቴ አይፈልቅቁ፤ ብሎኖቹን ፈትተው የእጀታውን ብረት በእንጨት ሲመቱት ራሱ ይነሳል። ውስጡን በማጽጃ ፈሳሽ አጥበው መዞሪያዎቹ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል።

ጉድጓዱ ጥልቅና መሐል ላይ ነው፣ ግን አልፈነዳም። ችግሩ ጥይቱ ነው፤ ዘይት የገባበት ወይም ያረጀ መለኮሻ ነው። ሁለተኛ ሲመታ የሚፈነዳ ከሆነ መለኮሻው በደንብ አልተቀመጠም፤ የመጀመሪያው ምት ገፍቶ አስቀምጦታል። በእጅ በተሞላ ጥይት ላይ መለኮሻው ከቀለሁ ፊት 0.08–0.13 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

የሚከሽፈው ሁልጊዜ አንድ የከበሮ ጉድጓድ (ጥይቱ የሚቀመጥበት) ላይ ነው። የከበሮውን ጉድጓዶች በማርከር ቁጥር ይስጧቸውና ያረጋግጡ። በነሐስ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ኮከብ መሳዩ ቀለህ አውጪ ሥር የተጠራቀመውን ባሩድ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ያንሱ።

የመለኮሻው ጉድጓድ አንዴ ጥልቅ፣ አንዴ ጥልቀት የሌለው ነው። ከበሮውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት። ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ጥይቱ ከመርፌው ይርቃል። የ0.05 ሚሊ ሜትር ሮንዴላዎች ያስተካክሉታል፤ ሥራው የጠመንጃ ባለሙያ ነው።

የመለኮሻው ጉድጓድ ከመሐል ወጥቷል። ከበሮው ከበርሜሉ ጋር ሳይገጥም መዶሻው እየወደቀ ነው፤ ከበሮውን የሚገፋው ጥፍር ተበልቷል። እስኪጠገን አይተኩሱበት።