የኦዞን ሞዴላችሁ አዳማ ላይ ግራ ሲያጋባችሁ (ችግርና መፍትሄ)

መጀመሪያ እንግባባ፣ መሬት ላይ ያለው ኦዞን ከጭስ ማውጫ አይወጣም። ከመኪናና ከጄኔሬተር የሚወጣው ኖክስ (ናይትሪክ ኦክሳይድና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባሉት ጋዞች)፣ ከቤንዚን ትነት፣ ከቀለምና ከከሰል ጭስ ከሚመጡት ተናኝ ጋዞች ጋር ፀሐይ ሲያገኛቸው እዛው አየር ላይ ነው የሚፈጠረው። ለዛ ነው ሞዴሉ (የሚወጣውን ጋዝና የአየሩን ሁኔታ ወስዶ ኦዞኑን በኮምፒውተር የሚያሰላው) የሚያስቸግረው።

ችግር፦ ኦዞኑ ከፍ ማለት ያለበት ከሰዓት 8 እና 10 ሰዓት መሀል ነው፣ የእናንተ ግን ሌላ ሰዓት ላይ ጫፍ ይወጣል።
ምክንያት፦ ኬሚስትሪው አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ሞዴሉ በግሪንዊች ሰዓት ነው የሚሄደው፣ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። በዛ ላይ ለሞዴሉ መንገድ ላይ መኪና የቆጠረው ልጅ ደብተሩ ላይ "2፡00" ብሎ የጻፈው ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን የፈረንጅ 2 አርጎ ይወስደዋል። እኔ ሳምንት ሙሉ ኬሚስትሪውን ስበረብር ከርሜ ያገኘሁት ምን መሰላችሁ፣ የባጃጁ ግርግር ሁሉ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተደርድሮ!
መፍትሄ፦ ሁሉንም ወደ ግሪንዊች ቀይሩ። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት እዛ 5፡00 ላይ ካረፈ ልክ ናችሁ።

ችግር፦ ማታ መንገድ ዳር መለኪያው ዜሮ አካባቢ ነው፣ ሞዴሉ ግን ብዙ ኦዞን ያሳያል።
ከሞተር ትኩስ የወጣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞንን ይበላዋል፣ ግሪዳችሁ (ሞዴሉ ካርታውን የሚከፋፍልበት ካሬ) 10 ኪሎሜትር ከሆነ ግን ጋዙ ሰፊ ቦታ ላይ ይበተንና አቅም ያጣል። ግሪዱን አጥብቡ፣ ካልሆነም ከመንገድ ራቅ ካለ መለኪያ ጋር አወዳድሩ።

ችግር፦ ቁጥሩ ሁሌ 17 ፐርሰንት ገደማ ይዛነፋል።
አሃድ ነው። 1 ፒፒቢ (ከቢሊዮን የአየር ቅንጣት አንዱ) ኦዞን በባህር ጠለል በሜትር ኩብ 2 ማይክሮግራም አካባቢ ነው፣ አዳማ ግን 1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ 1.65 ገደማ ይሆናል። ሞዴሉም መለኪያውም በአንድ ማባዣ ይሂዱ፣ በተለይ ከዓለም ጤና ድርጅት 100 ማይክሮግራም ገደብ (የስምንት ተከታታይ ሰዓታት አማካይ) ጋር ስታወዳድሩ።

ችግር፦ ወደ ጅቡቲ የሚያልፉትን የከባድ መኪኖች ኖክስ በ30 ፐርሰንት ቀነስን፣ ከተማው ውስጥ ኦዞኑ ጨመረ!
እዚህ ጋ ነው ሰው ኮዱን ማበላሸት የሚጀምረው፣ አትንኩት። ኖክስ በዝቶ ተናኝ ጋዝ ባነሰበት ቦታ ኖክስ ስትቀንሱ ኦዞኑን የሚበላው ነው አብሮ የሚቀንሰው፣ ሎስ አንጀለስም እሁድ እሁድ ናፍጣ መኪና ቀንሶ ኦዞን ከፍ ይል እንደነበር የታወቀ ነው። ማጣሪያው እንዲህ ነው፣ ሞዴሉን ሦስቴ አሂዱት፦ ኖክስ ብቻ ቀንሳችሁ፣ ተናኝ ጋዝ ብቻ ቀንሳችሁ፣ ሁለቱንም ቀንሳችሁ። ከዛ ሴንቲነል 5ፒ ሳተላይት (ከ2017 ጀምሮ በቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚያልፈው) የሚለካውን ፎርማልዴሃይድ (የተናኝ ጋዝ ምልክት) ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ (የኖክስ ምልክት) አካፍሉና ሬሾውን እዩት፣ 1 አካባቢ ወይ ከዛ በታች ከሆነ ተናኝ ጋዙ ነው የሚወስነው፣ ከ2 በላይ ከሆነ ኖክሱ፣ መሀል ላይ ሁለቱም። ቁጥሩ በየቦታው ስለሚለያይ ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ተናኝ ጋዙ ከሆነ የሚወስነው የማደያውን ትነትና የባጃጁን ያልተቃጠለ ቤንዚን አብራችሁ ቀንሱ፣ ካርታውንም ከተማው ላይ አትቁረጡት፣ ንፋሱ ወደሚሄድበት ገጠር ጭምር ዘርጉት፣ መሀል ከተማ የጨመረው እዛ ቀንሶ ልታገኙት ትችላላችሁ።