ቆሞ የከረመ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲንተባተብ ከየት እንጀምር?

ክረምቱን ጥግ ይዞ የከረመ ሞተር ሳይክል መስከረም ላይ በአንድ ርግጫ አይነሳም። ቢነሳም ይንተባተባል። ቾኩን (ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት ቤንዚን የሚያበዛውን) ሲመልሱት ይጠፋል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ያስነጥሳል። ለዓመታት የቆመ ከሆነማ አይጠየቅም።

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ እንዲህ ያለ ሞተር እየተገፋ ሲመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ካቻቢቴ ነው። ከዚያ የካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ብሎን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ማዞር ይጀምራል። ይቆዩ! ብሎን ብቻውን አይዞርም። ሲቆም ደህና ከነበረ፣ አሁን ያስቸገረው ቆሽሾ፣ ደርቆ ወይም ዝጎ ነው። ጽዳት ይቅደም፣ ቅንብር ይከተል።

1. አሮጌውን ቤንዚን ያፍስሱ። ጥቂት ወራት የቆየ ቤንዚን ቀላሉ ክፍሉ ይተናል፣ የቀረው ሽታው ይለወጣል፣ ሙጫ ነገር ይሆናል። ጥቂቱን በብርጭቆ ቀድተው ለአፍታ ያስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይቀመጣል። የታንከሩን ውስጥ በባትሪ መብራት ይዩ፤ ዝገት ካለ ካርቡራተር ማጠብ ትርፉ ድካም ነው፤ ቆሻሻው ነገ ተመልሶ ይወርዳል። አዲሱን ቤንዚን ከማደያ ይቅዱ። መንገድ ዳር በውሃ ጠርሙስ የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ይህን ሁሉ ደጅ ላይ ይሥሩ፣ ቡና ከሚፈላበት ከሰልም ይራቁ።

2. ካርቡራተሩን ፈትተው ይጠቡ። ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። ሞተሩ ቾክ ሲያዝለት ብቻ የሚሠራ፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት ዝግ ብሎ የሚዞርበት) ላይ የማይቆም፣ ነዳጅ ሲሰጡት ግን የሚሻለው ከሆነ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ትንሿ የቤንዚን ቀዳዳ ተደፍናለች ማለት ይቻላል። ይህች ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነች ናት፤ የደረቀ ቤንዚን ሙጫ በቀላሉ ይዘጋታል። በተቃራኒው ሚኒሞው ደህና ሆኖ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት የሚታፈን ከሆነ ትልቁን ቀዳዳ ይጠርጥሩ።

የታችኛውን ሳህን ሲከፍቱ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ያገኙ ይሆናል። ቀዳዳዎቹ ያሉባቸውን ሁለቱን የነሐስ ብሎኖች ይፍቱ፣ በካርቡራተር ማጠቢያ ይዘፍዝፉ፣ ከዚያ ጎሚስታ ቤት ወስደው በአየር ያስነፉ። ሽቦ አይክተቱ፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፣ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ አይጠብም። ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩት ክብ፣ ጥርት ያለ ብርሃን መታየት አለበት። የቅንብር ብሎኑን ከማውጣትዎ በፊት ቀስ ብለው እስኪቀመጥ ያጥብቁትና ስንት ዙር እንደሄደ ይጻፉ። ሲመልሱት እዚያው ይመልሱት።

3. አየሩን ይከተሉ። የአየር ፊልትሮውን ያውጡ። ጭድ አጠገብ የቆመ ከሆነ አይጥ ቤት ሠርታበት ቢያገኙ አይገረሙ። ማርሚታውንም ያጮልቁ። ከዚያ ካርቡራተሩንና ሞተሩን የሚያገናኘውን ጎማ ይመልከቱ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሞተሩ እየሠራ ዙሪያውን የሳሙና ውሃ ይንኩበት። ድምፁ ከተለወጠ አየር እየሳበ ነው፣ ጎማው ይቀየር።

4. ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)። አዲስ ይግዙ፤ ርካሽ ነው፣ ከብዙ ጥርጣሬም ያድናል። ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት በአብዛኞቹ ላይ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌውን ግን አይጣሉት፣ ቀለሙን ያንብቡ፦ ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል፣ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል።

5. ሞተሩ የትኛው ዓይነት ነው? ሆንዳ ሲጂ 125 ከሆነ ቫልቩን ይለኩ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ክፍተቱ 0.08 ሚሊ ሜትር። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያለ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ከሆነ የሚለካ ቫልቭ የለውም፤ የዘይት ፓምፑ ግን አየር ይዞ ሊሆን ይችላል። አየሩን ሳያስወጡ ከነዱት ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል)። ሚኒሞው ብቻውን ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ የሞተሩ የጎን ጎማዎች (በክራንክ ዘንጉ ዳርና ዳር ያሉት ማሸጊያዎች) ደርቀው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለመካኒክ ይተዉት።

6. አሁን ካቻቢቴውን ያንሱ። ሞተሩን ጥቂት ነድተው ያሙቁት፣ ከዚያ የቅንብር ብሎኑን በሩብ ዙር እያዞሩ ድምፁ የሚጠራበትን ቦታ ይፈልጉ። አንድ ነገር ነክተው ይሞክሩ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከነኩ የትኛው እንዳዳነው አያውቁም።

ሁሉም ጸድቶ አሁንም ጥቁር ጭስ ካለ ጥፋቱ የሞተሩ ላይሆን ይችላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተቀመረ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው መርፌ ላይ የተሰካችውን ቅንጥብ (ክሊፕ) በአንድ እርከን ወደ ላይ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ወርደው በተደጋጋሚ የሚመላለሱ ከሆነ ግን ባለችበት ይተዉአት። ታች አየሩ ይወፍራል፣ በቤንዚን እጥረት ዳገቱን የሚወጣ ሞተር ደግሞ ይግላል። ትንሽ ጥቁር ጭስ ይሻላል።