ብርማው አውሮፕላናችሁ ለምን ባልዲ ይመስላል?

ቅዳሜ ከሰዓት ድሬዳዋ፣ ከዚራ እኛ ቤት የሚሰበሰቡ የሞዴል አውሮፕላን ወዳጆች አሉ። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ኪቱ፣ ማለትም ተገጣጥሞ ሞዴል የሚሆነው የፕላስቲክ ክፍል፣ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ስለሆነ አንድ ሲገኝ ወረፋ ይያዝለታል። ሁሉም መጀመሪያ መሥራት የሚፈልጉት ደግሞ ቀለም ያልተቀባ፣ ላሜራው የሚታይ አውሮፕላን ነው። አንዱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በረራ የጀመረበትን የዲሲ-3 ዘር ይመርጣል። ሌላው የአየር ኃይላችንን የጄት ተዋጊ፣ ኤፍ-86 ሴበርን። ምርጫቸው ደስ ይለኛል። ችግሩ ሲጨርሱ ነው። ያው ስህተት፣ ያው ሰበብ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሁሉን ነገር በአንድ ብርማ ቀለም መለቅለቅ

የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። አንድ ጣሳ ብርማ ቀለም ይገዛል። በብሩሽ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ይለቀለቃል። ሲደርቅ ባልዲ ነው። እንዲህ ያለው ቀለም ውስጥ ያለው የብረት ቅንጣት ለበርና ለመስኮት ልክ ነው። ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ ክንፍ ላይ ግን ቅንጣቱ ለዓይን ይታያል፤ የብሩሹ መስመርም እንዲሁ።

ደግሞስ የቱን አውሮፕላን ነው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መልክ ሆኖ ያያችሁት? አውሮፕላን ብዙ ላሜራ ተቆራርጦ በሪቬት፣ በትንንሽ የብረት ምስማር፣ የተያያዘ ነው። አንዱ በርዝመቱ፣ ሌላው በወርዱ ተቆርጧል። ብርሃን ሲያርፍበት አንዱ ነጣ ይላል፣ አጠገቡ ያለው ጠቆር። ሞተር አካባቢ ሙቀት የሚችል ብረት አለ፤ የሱ መልክ ጭራሽ ሌላ ነው። የሴበርን የኋላ ክፍል በፎቶ ተመልከቱ። ጭስ ማውጫው ዙሪያ ሙቀቱ ላሜራውን ቡናማና ሰማያዊ አድርጎታል።

ብረት ያልሆነም አለ። የዲሲ-3 ቀጥ ብሎ የቆመው ጭራ ላይ ያለው መሪ፣ አግድም ጭራው ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ክንፉ ጫፍ ላይ ያሉት አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድሉት አይለሮኖች የጨርቅ ናቸው። ጨርቁ የአሉሚኒየም ዱቄት የገባበት ቀለም ይቀባል። ስለዚህ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ናቸው እንጂ አያብረቀርቁም። ሲነሳና ሲያርፍ ከክንፉ ሥር የሚዘረጋው ፍላፕ ግን ላሜራ ነው። አንዱ ልጅ ጭራው መስታወት የሆነ ዲሲ-3 ይዞ መጣ። "ወርያ፣ ይሄ እኮ ጨርቅ ነው!" ስለው ሳቀብኝ። በጨርቅ የሚበር አውሮፕላን አለ ብሎ አላመነም። ፎቶውን አጉልቼ ሳሳየው ነው ዝም ያለው።

ፒ-51 ሙስታንግ የሚባለው ተዋጊ አውሮፕላን ደግሞ የባሰ ወጥመድ ነው። ገላው እርቃኑን ነው። ክንፉ ላይ ግን አየሩ ሳይረበሽ እንዲያልፍ ተብሎ ሪቬቱና መጋጠሚያው ፋብሪካ ውስጥ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተሞርዶ፣ ብርማ ቀለም ተቀብቷል። እዚያ ክንፍ ላይ በቀለም ፈንታ የአሉሚኒየም ፎይል ለጥፎ እያንዳንዷን ሪቬት በመርፌ ሲወጋ ያመሸ ሰው አውቃለሁ። ሥራው ግሩም ነው። ስህተትም ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ፎቶ ፈልጉ። የዚያኑ አውሮፕላን፣ የዚያኑ ዘመን። ሙዚየም ውስጥ ተወልውሎ የቆመውን ሳይሆን በሥራ ላይ እያለ የተነሳውን።

ፎይል ጉድ ይሸፍናል ብሎ ማሰብ

ላሜራ ለማስመሰል በቀለም ፈንታ እኛ ጋ የሚያዋጣው የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል ነው። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሞልቷል። ውፍረቱ 0.016 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በ72 ብታባዙት ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከእውነተኛ አውሮፕላን ላሜራ ብዙም አይርቅም። ግን ይሄ ቅጥነቱ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያጋልጣል። ፀጉር፣ አቧራ፣ የኮላ ጓል፣ በተለይ ጭረት። ቀለም ትንሽ ጭረት ይሞላል። ፎይል አደባባይ ያወጣዋል።

የሞዴሉን ክፍሎች መጋጠሚያ በስቱኮ ሙሉ። ከዚያ በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ያዙ፤ ከሻካራው ወደ ልስልሱ 400፣ 800፣ 1200፣ 2000። የመኪና ቀለም የሚቀቡ ጋራዦች ቁራጭ ለምኑ፣ አይከለክሉም። ከ400 ወደ 2000 መዝለል ግን የለም! እያንዳንዱ ወረቀት ሥራው ከሱ በፊት ያለው የተወውን ጭረት ማጥፋት ነው። 2000 የ400ን ጭረት አያጠፋም፤ ወልውሎ ያሳምረዋል። ስትጨርሱ ጥፍራችሁን መጋጠሚያው ላይ አሳልፉ። ጥፍር ከያዘ ገና ነው። ሲለሰልስ በላርጎ እጠቡት፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም። በድሬ ሙቀት የማያልበው ጣት የለም፣ ላቡም ጨውና ቅባት ነው። የጥጥ ጓንት አድርጉ።

ክንፉን በአንድ ቁራጭ መጠቅለል

ችኮላ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። የዲሲ-3 ክንፍ በ1 ለ72 ከጫፍ ጫፍ 40 ሴንቲሜትር ነው። ያንን በአንድ ፎይል ሸፍኖ ሳይሸበሸብ የሚወጣ የለም። ቢወጣስ? ያው ተመልሶ አንድ መልክ ሆነ። ፋብሪካው እንደሠራው አንድ አንድ ላሜራ ብቻ ሸፍኑ። ቁራጩን ሞዴሉ ላይ ከተቀረጸው የላሜራ መስመር አስበልጣችሁ ቁረጡ፣ ለጥፉ፣ ከመሃል ወደ ዳር በጆሮ ጥጥ ግፉት፣ መስመሩ ውስጥ በስቴኪኒ አስገቡት። ከዚያ ትርፉን በአዲስ ምላጭ ቁረጡ። በአዲስ አልኩ። የደነዘ ምላጭ ፎይል አይቆርጥም፣ ይቀድዳል። ሞተሩ ሽፋን ላይ፣ ዙሪያው የሚጎብጥበት ቦታ፣ ቁራጩ ጠበብ ይበል።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል መጣ። ፎይሉን በቅርብ ብታዩት ቀጫጭን መስመር አለው፤ ፋብሪካ ሲዳመጥ የቀረበት ነው። አንዱን ቁራጭ መስመሩን በክንፉ ርዝመት፣ ቀጣዩን አግድም አድርጉት። ምንም ቀለም ሳትቀቡ ሁለት ላሜራ ሆነ። ፎይሉ አንድ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው፤ ሁለቱንም ተጠቀሙ። ጠቆር ያለ ከፈለጋችሁ ቁራጩን ቀቅሉት። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያችንን በነጭ ቅርፊት ይሞላል ብለን ስናማርር እንኖራለን፤ እዚህ ላይ ግን ያግዘናል። ማዕድን የበዛበት ውሃ ሲፈላ አሉሚኒየሙን ያጠቁረዋል። እያያችሁ አውጡት። የተለያየ ጊዜ የቆየ ቁራጭ የተለያየ ግራጫ ይሰጣችኋል፤ ለሴበር የኋላ ክፍል ከዚህ የተሻለ የለም።

ኮላው

ለፎይል የሚሠራው ማጣበቂያ ሲቀባ ነጭ ነው፣ ሲደርስ ይጠራል። ሳይጠራ ከለጠፋችሁ ውሃው ከሥር ታምቆ ያብጣል። ብዙ ካቆያችሁት ደግሞ መያዙን ይተዋል። እኛ ጋ በቀትር ቶሎ ስለሚደርቅ ማለዳ ወይም ማታ ሥሩ። ቬንትሌተሩን አጥፉ፤ አቧራውን ሁሉ ኮላው ላይ ያመጣላችኋል። ሱፐር ግሉ አይሞከርም። ይጓጉላል፣ እንፋሎቱም የአብራሪውን መስታወት ያነጣዋል።

አለመጠን ማንጸባረቅ

ዓመታት አቧራማ ሜዳ ላይ ሲያርፍና ሲነሳ የኖረ አውሮፕላን እንደ መስታወት መልክ አያሳይም። ትንሽ የጥርስ ሳሙና በጥጥ አድርጋችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በቀስታ እሹት፣ ብልጭታው ይበርዳል። ሞተሩ ጭስ የሚተፋበት ላይ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በጣት አሹበት። ከአፍንጫው በላይ፣ አብራሪው ፊት ያለው ክፍል ብልጭታው ዓይኑን እንዳይወጋው ደብዛዛ ቀለም የተቀባ ከሆነ እሱን አትርሱ።

በላዩ ላይ ቫርኒሽ አትቀቡ። ያን ሁሉ የለፋችሁበትን ብረት መልሶ ፕላስቲክ ያደርገዋል።

የላሜራ መስመሮቹን በጥቁር ቀለም መሙላትም ልክ አለው፤ ሲበዛ ዳማ ሆኖ ቁጭ ይላል።

በውሃ ተነክረው የሚለጠፉት አርማና ፊደል ዙሪያቸው ግልጽ ላስቲክ አላቸው። ነጭ ገላ ላይ አይታወቅም። ፎይል ላይ ግን ይጮኻል። ፊደሉን ተከትላችሁ አስጠግታችሁ ቁረጡት። ለጥፋችሁ ስትጨርሱ ዳሩን በእርጥብ ጥጥ ተጫኑት።

በመጨረሻ፣ ያለቀውን ሞዴል ለጓደኛ ላሳይ ብላችሁ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጡ። ግንቦት ነበር፣ ልጁ ሻይ ሊጠጣ ወረደ። ሲመለስ የሴበሩ ክንፍ ወደ ታች ጎንበስ ብሏል። ፕላስቲኩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረን አቃናነው። ፎይሉ ግን ተሸብሽቦ ነበርና ልጣጩን አንስተን ከ400 እንደገና ጀመርን።