የታደሰ ክላሲክ ስፖርት መኪና ስንዳኝ የምንሠራቸው ስህተቶች

በትርኢት ላይ የቆመ የታደሰ መኪና ልብ ይሰርቃል። ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ያብለጨልጫል፣ ክሮሙ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። የዳኛው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲህ ነበር ወይ? አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህን ትተን «ያምራል ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ነው።

ማማርን ከኦሪጅናልነት ጋር ማምታታት

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ነው። የአሜሪካውን ሸቭሮሌ ስፖርት መኪና፣ የ1960ዎቹን ኮርቬት ውሰዱ። ቦዲው ከፋይበርግላስ ቁርጥራጮች ተጣብቆ የተሠራ ነው፣ ሥራውም በጥድፊያ ነበር። የበሩ ክፍተት አንድ ቦታ ጠበብ፣ ሌላ ቦታ ሰፋ ይላል። በሩን ክፈቱና ዳርና ዳሩን ተመልከቱ። ፋብሪካው ውጪውን እንጂ እዚያ ውስጥ ያለውን ቀለም አይወለውልም ነበር። ስለዚህ ውስጡ ደብዘዝ ማለት አለበት። ውስጡም ውጪውም እኩል ካብረቀረቀ፣ ቀለሙ የዘንድሮ እጅ ሥራ ነው። በ1974 የተመሠረተው የአሜሪካ የኮርቬት አዳሾች ማኅበር ከፋብሪካው በላይ ለተሽሞነሞነ መኪና ነጥብ ይቀንሳል። ልክ ነው እላለሁ። የፋብሪካው ጉድለትም የመኪናው ታሪክ ነው።

ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ ማመን

ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከመኪናው ቁጥር ጋር ከገጠመ፣ ሞተሩ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ማጭበርበሩም የሚበዛው እዚሁ ነው። በኮርቬት ቪ8 ሞተር ላይ ቁጥሩ የሚመታው ከቀኝ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ ነው። የእጅ ባትሪ በአግድም አብሩባት። የፋብሪካው ማሽን ብረቱን ሲልግ የተዋቸው ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች መታየት አለባቸው። ቦታው ልሙጥ ከሆነ፣ ወይም መስመሮቹ አቅጣጫቸውን ከሳቱ፣ ተፍቆ እንደገና ተመትቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ለጥገና ተልጎም መስመሮቹ ሊጠፉ ስለሚችሉ ባለቤቱን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ሌላ ማስረጃ ፈልጉ።

ሌላው ማስረጃ ብሎኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና የብረት አካል፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰበት ቀን ነው። «C 14 7» የሚል ካነበባችሁ፣ C ሦስተኛው ወር ማርች ነው፣ 14 ቀኑ፣ 7 ደግሞ የዓመቱ መጨረሻ አሃዝ። ያ 7 ግን 1967ም 1977ም ሊሆን ስለሚችል የብሎኩን የሞዴል ቁጥር አብራችሁ አንብቡ። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ መጀመሪያ ብሎኩ ይቀለጣል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ በመጨረሻ መኪናው ይወጣል። መኪናው ከወጣ በኋላ የተቀለጠ ብሎክ ካገኛችሁ ነገሩ አለቀ።

ወረቀትን የመጨረሻ ፍርድ ማድረግ

ፎርጅድ ወረቀት ሞልቷል። እውነተኛውም ቢሆን ልኩ ሊታወቅ ይገባል። ለጃጓር የሚሰጠው የታሪክ ምስክር ወረቀት የሞተሩን ቁጥርና የመጀመሪያውን ቀለም ይነግራችኋል። የሚናገረው ግን መኪናው ያኔ ስለነበረበት ሁኔታ ነው። ዛሬ ፊታችሁ የቆመው ሌላ ሊሆን ይችላል።

«በዚያ ዓመት ሁሉም እንዲህ ነበር» ማለት

ፋብሪካ ዓመት እስኪያልቅ ጠብቆ አይለውጥም። በ1961 የወጡት የመጀመሪያዎቹ የጃጓር ኢ-ታይፖች የኮፈን መቆለፊያቸው ከውጪ ነበር፤ በዚያው ዓመት ወደ ውስጥ ገባ። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ዳኛ ሌላውን በስህተት ይቀጣዋል። ተቃራኒውም አለ። «ያኔ ምን የማይደረግ ነገር አለ?» ለሚል ባለቤት ወዲያው እጅ አትስጡ፣ ማስረጃ ጠይቁ። በ1953 የተሠሩት 300 ኮርቬቶች በሙሉ ነጭ ነበሩ፣ ውስጣቸው ቀይ። ጥቁር የ1953 ኮርቬት ከመጣ ክርክር አያስፈልገውም።

ጥቃቅኑን መዝለል

የብሎን ራስ ላይ ያለ የአምራች ምልክት፣ የውሃ ቱቦ ማሰሪያው ዓይነት፣ መስታወቱ ላይ የታተመው የምርት ቀን፣ የጎማው አሠራር። እያንዳንዱ የሚያስቀንሰው ጥቂት ነው፤ ሲደመር ግን አዳሹ ምን ያህል እንደተጠነቀቀ ይናገራል።

ያልታደሰውን ማሳነስ

ቀለሙ የሳሳ፣ ወንበሩ የተሰነጣጠቀ ግን ያልተነካ መኪና ለዳኛ ትልቅ መማሪያ ነው። በአሜሪካ የሚካሄደው የፔብል ቢች የክላሲክ መኪኖች ትርኢት ከ2001 ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ መኪኖች የራሳቸው ምድብ ሰጥቷቸዋል። ከታደሱት በፊት እነሱን እዩ። የፋብሪካው ብየዳ፣ የቀለሙ ውፍረት፣ የክሩ ስፌት ምን እንደሚመስል ዓይናችሁ ይለምዳል።

ምክንያት ሳይጽፉ ነጥብ መቀነስ

ባለቤቱ ለዚህ ቀን ዓመታት ለፍቷል። መኪናውን ሳታስፈቅዱ አትንኩ፤ በሩንም ኮፈኑንም ራሱ ይክፈትላችሁ። «ሞተር ክፍል፦ 3 ነጥብ» ብሎ ማለፍ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። የትኛው ማሰሪያ እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንዳለ፣ በምትኩ ምን መሆን እንደነበረበት ጻፉለት። ለሚቀጥለው ትርኢት የሚያስተካክለው ያንን አንብቦ ነው።